ጉድጓዱ ከተመረቀ በኋላ

ብዙዎቻችን በሆነ ወቅት ለገጠር ውሃ ገንዘብ አዋጥተናል። በዕድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በተወላጆች ማኅበር በኩል። ዋሽንግተን ያለውም፣ ዱባይ ያለችውም "ለቀበሌያችን ውሃ እናስገባ" ሲባሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ገንዘቡ ይሞላል። የቁፋሮ ማሽን ይገባል። ውሃው ይወጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶው በቴሌግራም ይዞራል።

ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። እኔ ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ግን ከምረቃው በኋላ ያለውን ነው። በታዳጊ አገሮች ንጹህ የመጠጥ ውሃ ማዳረስ ለምን ይህን ያህል ዓመት እንደፈጀ የሚገባን እዚያ ላይ ስናይ ነው። ቁፋሮው ውድ ነው፤ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ እሱ ነው። ውሃው ንጹህ ሆኖ ኩባያ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ፣ ያንንም በየቀኑ ለዓመታት መቀጠል ነው ከባዱ።

"ንጹህ ውሃ አለ" የሚባለው መቼ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የአገሮችን የመጠጥ ውሃ ሁኔታ በጋራ ይከታተላሉ። መለኪያቸው በደረጃ የተከፈለ ነው። የመጨረሻው ደረጃ ከወንዝ፣ ከኩሬ ወይም ከግድብ በቀጥታ ቀድቶ መጠጣት ነው። ቀጥሎ ያልተከለለ ምንጭና ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይመጣል። ከዚያ የጎለበተ ምንጭ፣ የእጅ ፓምፕ ወይም ቦኖ አለ። ሆኖም ወረፋውን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ በላይ ከወሰደ "ውስን" ይባላል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካለቀ "መሠረታዊ" ደረጃ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ያለው ደረጃ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይጠይቃል። ውሃው ግቢ ውስጥ መሆን አለበት። በተፈለገ ጊዜ መገኘት አለበት። ከዓይነ ምድር ብክለትና ከአደገኛ ኬሚካል ነጻ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ደረጃው አይሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ ቧንቧ ግቢው ያለው ሰው፣ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ በዚህ ሚዛን ከላይኛው ደረጃ ላይ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.2 ቢሊዮን ያህል ሰው የላይኛው ደረጃ ላይ አልደረሰም ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የደረሰው ሕዝብ 13 በመቶ ገደማ ነው። ገጠሩን ብቻ ከወሰድን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል።

"እንዴ፣ የውሃ ሽፋን ከግማሽ በላይ ደርሷል ሲባል አልነበር እንዴ?" ትሉ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ የተለካው ነገር ስለሚለያይ ነው። የምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች የሚባሉት በነበሩበት ዘመን፣ ንጹህ ውሃ የማያገኘውን ሕዝብ ድርሻ በግማሽ የመቀነሱ ግብ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሳክቷል ተብሎ ነበር። ከቀነ ገደቡ አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ያን ጊዜ የተቆጠረው ግን የውሃው መገኛ ዓይነት ነበር። ቧንቧ ነው? የእጅ ፓምፕ ነው? የተከለለ ምንጭ ነው? ከሆነ ተቆጠረ። ውሃው ተመርምሮ ንጹህ ሆኖ ተገኝቷል ወይ የሚለው በቆጠራው ውስጥ አልነበረም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የእ.ኤ.አ. 2030 ግብ ጥያቄውን አጥብቆታል፤ ቁጥሩ እንደዚያ ያሽቆለቆለው አገሮች ወደ ኋላ ስለሄዱ አይደለም።

ጠርቶ የሚታይ ውሃ

ሰው ውሃን የሚመዝነው በዓይኑ ነው። ከጠራ ይጠጣል፤ ከደፈረሰ ይጠራጠራል። ችግሩ ዋናዎቹ ገዳዮች በዓይን አይታዩም።

የውሃ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ኢ-ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ነው። ኢ-ኮላይ የሰውና የእንስሳት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር በሆነ መንገድ ገብቷል ማለት ነው። ዓይነ ምድር ከገባ ደግሞ የኮሌራ፣ የታይፎይድ፣ የተቅማጥ ጀርም አብሮ ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱን ጀርም ለየብቻ ከመፈለግ ምልክቱን መፈለግ ይቀልላል።

ምርመራው መስክ ላይ እንዲህ ነው። ባለሙያው 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ይወስዳል፤ ከአንድ ሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ውሃውን እንደ ወረቀት ስስ በሆነ ክብ ነጭ ማጣሪያ ያሳልፈዋል። ባክቴሪያ ካለ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። ማጣሪያውን የባክቴሪያ ምግብ ባለበት ትንሽ ሰሃን ላይ አስተኝቶ፣ 44 ዲግሪ ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ ያሳድረዋል። በማግስቱ ሲከፍተው ነጩ ወረቀት ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች ይቆጥራል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ አንድ ቀን ሙሉ ስትራባ ያደረች ባክቴሪያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው ቁጥር ዜሮ ነው። ኩልል ብሎ የሚታይ የምንጭ ውሃ ወረቀቱን በነጠብጣብ ሲሸፍነው ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በዓይኑ አይፈርድም።

ብክለቱ ከየት ይመጣል? አንዳንዴ ከምንጩ ነው። ሽንት ቤት ከጉድጓዱ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተቆፍሯል። አጥር ስለሌለ ከብት እዚያው ይጠጣል፣ እዚያው ይጥላል። የጉድጓዱ ዙሪያ ሲሚንቶ ተሰንጥቆ የፈሰሰው ውሃ ተመልሶ ይገባል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ሁሉንም ጠርጎ ያመጣል። አተት ከዝናብ ጋር ተያይዞ የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ምንጩ ጋ ደህና የነበረው ውሃ መንገድ ላይና ቤት ውስጥ ይበላሻል። ቢጫዋን ጄሪካን አስቧት። 20 ሊትር ትይዛለች፤ ስትሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነች። አፏ ጠባብ ስለሆነ እጅ ገብቶ ውስጧን አያጥባትም፤ ግድግዳዋ ላይ የሚያዳልጥ ነገር ይይዛል። ክዳኗ የጠፋ ቀን በላስቲክ ወይም በቅጠል ትወተፋለች። ቤት ስትደርስ ውሃው ወደ ባልዲ ወይም ወደ እንስራ ይገለበጣል። ከዚያ አንድ ጣሳ አለ። ሁሉም የሚጠጣበት፣ ሁሉም እጁን አስገብቶ የሚጠልቅበት። ልጁ ከጨዋታ ሮጦ መጥቶ ያንን ጣሳ ከነጣቱ ይነክረዋል። የምንጩ ንጽህና እዚያች ላይ ያበቃል።

ይህ ግምት አይደለም፤ ተለክቷል። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች ምንጮችን በሲሚንቶና በቧንቧ ካጎለበቱ በኋላ ልዩነቱን አጠኑ። ምንጩ ላይ የነበረው የኢ-ኮላይ ብክለት በ66 በመቶ ቀነሰ። እዚያው ምንጭ የሚቀዱ ሰዎች ቤት ውስጥ ባለው ውሃ ላይ ግን የቀነሰው 24 በመቶ ብቻ ነበር። በምንጩና በኩባያው መካከል ብዙው ጥቅም ፈሰሰ። ለዚህ ነው "ምንጭ አጎልብተናል፣ ሥራው አለቀ" የሚለው ሪፖርት የማያሳምነኝ።

መፍትሔውም ርካሽ ነው፤ ክሎሪን። አገራችን ውስጥ "ውሃ አጋር" በሚባለው ጠርሙስ፣ በእንክብል ወይም እንደ "ቢሻን ጋሪ" ባለ ዱቄት ይገኛል። መጠኑ ጠርሙሱ ወይም እሽጉ ላይ ተጽፏል። ከጨመሩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ክሎሪን ከሌላው ማጣሪያ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለው። ጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ልጁ ጣሳውን ከነጣቱ ሲነክር፣ የቀረው ክሎሪን አዲስ የገባውን ጀርም ይገድላል። ያፈላነው ውሃ ይህ ጥበቃ የለውም፤ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደማንኛውም ውሃ ይበከላል። ማፍላት ደግሞ እንጨት ይፈልጋል። እንጨት ከውሃው በላይ በተወደደበት ቀበሌ "አፍልታችሁ ጠጡ" ብሎ መሄድ ምክር አይባልም።

ክሎሪን ደካማ ጎን አለው። ደፍራሽ ውሃ ላይ ኃይሉ ይደክማል። መጀመሪያ ማዝቀጥ ወይም በንጹህ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል። የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ ሲጨመር ድፍርሱን ወደ ታች ይዞት ይወርዳል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ጀርሙን ሁሉ ስለማይገድል ክሎሪኑን አይተካም። ደግሞ ሽታው አለ። ብዙ ሰው ክሎሪኑን የሚተወው ሽታውን ስለማይወድ ነው። በኢኮኖሚክስ እ.ኤ.አ. የ2019 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ማይክል ክሬመር ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ጉዳይ ኬንያ ውስጥ ለብዙ ዓመት አጥንቷል። ያገኙት ነገር ቀላል ነው። ክሎሪኑ ሱቅ ውስጥ በርካሽ ሲሸጥ የሚገዛው ጥቂት ሰው ነው። ምንጩ አጠገብ በነጻ፣ ስትጫን አንድ ጄሪካን የሚበቃውን ብቻ በሚያንጠባጥብ ሳጥን ሲቀመጥ ግን ተጠቃሚው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሰው በወረፋው ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሲጨምር ያያል፤ እሱም ይጨምራል። ቤቱ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓቱ ይሞላል። ሌላ ጥናታቸው ደግሞ የተለያዩ አገሮችን ሙከራዎች አንድ ላይ ሲደምር፣ ውሃ ማከም ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ሞት በሩብ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለአንድ ጠርሙስ ክሎሪን ይህ ከባድ ውጤት ነው።

ቀላል ነገር ሲዘልቅ ምን እንደሚያደርግ ሌላም ምስክር አለ። በመጠጥ ውሃ የሚተላለፈው የጊኒ ትል የሚባለው በሽታ ክትባት የለውም፣ መድኃኒትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓመት 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይይዝ ነበር። በ2024 በመላው ዓለም የተመዘገበው የታማሚ ቁጥር 15 ነው። ዋናው መሣሪያ ውሃ የሚጠለልበት ጨርቅ፣ ታማሚው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ መከልከልና ቤት ለቤት የሚዞሩ ሰዎች ናቸው። ጋምቤላ ውስጥ ይህን ሥራ ሲሠሩ የኖሩት የመንደር በጎ ፈቃደኞች ምረቃም፣ ሪባንም የላቸውም።

ክሎሪንም እሳትም የማይነካው

እስካሁን ያወራነው ስለ ጀርም ነው። ሌላው አደጋ ከድንጋዩ ይመጣል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ጥርሱ በልዞ ስታዩ "ሲጋራ ነው" ወይም "አይፋቅም" የሚል ፍርድ ከአፋችሁ ይቅር። ብዙ ጊዜ ውሃው ነው። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ አለው። ውሃ ያንን ድንጋይ አቋርጦ ለብዙ ዘመን ሲጓዝ ፍሎራይዱን ያሟሟዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዝዋይ እስከ ሐዋሳ ባለው ሸለቆ ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጅ ጥርሱ በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውሃ ከጠጣ፣ ጥርሱ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ሲብስ ቡኒ ይሆናል፣ ይቦረቦራል። ለዓመታት ከቀጠለ አጥንት ውስጥ ይከማቻል። ወገብ ይደርቃል፣ አንገት አይዞርም፣ ጉልበት ይጣመማል። የወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የደረሰው ይህ ነው። እዚያ የፍሎራይድ ማጣሪያ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነበር፤ ጉዳዩ አዲስ አይደለም ለማለት ነው።

እዚህ ላይ የለመድናቸው መፍትሔዎች ይከዱናል። ክሎሪን ፍሎራይድን አይነካውም። ማፍላት ጭራሽ ያብሰዋል፤ ውሃው ተኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራልና። ለዚህ የሚሆኑ ማጣሪያዎች አሉ። በአንዳንዱ ውሃው ተቃጥሎ በተፈጨ የከብት አጥንት ውስጥ ያልፋል። ሕንድ ውስጥ የተጀመረው የናልጎንዳ ዘዴ ደግሞ አሉምና ኖራ ጨምሮ ፍሎራይዱን ያዘቅጣል። ሁለቱም ይሠራሉ። ሁለቱም ግን ሰው ይፈልጋሉ። አጥንቱ ሲጠግብ መለወጥ አለበት፤ አሉሙ በትክክል መለካት አለበት፤ ዝቃጩ መደፋት አለበት። ተንከባካቢው የሄደ ቀን ማጣሪያው ባዶ በርሜል ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ከተቻለ ከደጋው ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ በቧንቧ ማምጣትን ይመርጣሉ። ውድ ነው፤ ግን ለዘለቄታው ይሻላል ብዬ እኔም አምናለሁ።

ከቁፋሮ በፊት ኬሚካል አለመመርመር ምን እንደሚያመጣ ዓለም የተማረው ባንግላዴሽ ላይ ነው። እዚያ ሕዝቡ የኩሬና የወንዝ ውሃ እየጠጣ ልጆች በተቅማጥ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ መንግሥትና ዩኒሴፍ ባለ እጅ ፓምፕ ጉድጓዶችን አስፋፉ። በኋላም ሰው በራሱ ገንዘብ በሚሊዮን የሚቆጠር ጉድጓድ አስቆፈረ። ውሃው ጠርቶ የሚታይ፣ ቀዝቃዛ፣ ከኩሬው ይልቅ ከጀርም የጸዳ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን አርሴኒክ ተገኘበት። አርሴኒክ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። የሰው መዳፍና የእግር ሥር ቆዳ ይጠነክራል፣ ይነቁጣል፤ ውሎ አድሮ ካንሰር ያመጣል። በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጽሑፍ ከ35 እስከ 77 ሚሊዮን ሰው ለአደጋ እንደተጋለጠ ተገምቷል። ጉድጓዶቹ ሲቆፈሩ አርሴኒክን መመርመር የተለመደ አልነበረም። የማንም ክፋት አልነበረበትም። በኋላ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፓምፖች ተመርምረው ደህናው አረንጓዴ፣ መርዛማው ቀይ ተቀባ። ልጆች ሳይቀሩ ከየትኛው መቅዳት እንዳለባቸው በቀለሙ ያውቁ ነበር። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የኬሚካል ምርመራ ውጤት ሳይመጣ ፓምፕ አይተከልም።

ትንሿ ጎማ

አሁን ውሃው ንጹህ ነው እንበል። ፍሎራይድ የለም፣ አጥሩ ታጥሯል፣ ሴቶቹ ክሎሪን ለምደዋል። ፓምፑ ይበላሻል።

በእኛ ገጠር በብዛት የምታዩት የእጅ ፓምፕ አፍሪዴቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኬንያና ማላዊ ውስጥ ሲቀረጽ ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መንደርተኛው ራሱ ይጠግነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይስባል። እጀታውን ስትጫኑ በቧንቧው ውስጥ ያለው ረጅም ዘንግ ይነሳል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋ ክፍል አለ። በዚያ ክፍል ዙሪያ አንዲት ትንሽ የጎማ ቀለበት ታስራለች። ሥራዋ ውሃው በጎን እንዳያመልጥ ማሸግ ነው። በቀን በሺህ ጊዜ ትሻሻለች። አሸዋ ካለ ቶሎ ትበላለች።

ስትበላ ምልክት ትሰጣለች። ድሮ ሦስት ጊዜ ሲጫኑ ይመጣ የነበረው ውሃ አሁን አሥር ጊዜ ያስጫናል። ቀጥሎ ሃያ። ወረፋው ይረዝማል፣ ልጃገረዶቹ ትምህርት ያረፍዳሉ፣ ጠብ ይነሳል። አንድ ቀን ጭራሽ ይቆማል። ጎማዋ ርካሽ ነች። የሠለጠነ ሰው ካለ ተከፍቶ፣ ተቀይሮ፣ ተገጥሞ በግማሽ ቀን ያልቃል። ነገር ግን መለዋወጫው የሚሸጠው ዞን ከተማ ነው፤ ወይም እዚያም የለም። የሠለጠነው ልጅ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። ኮሚቴው ካዝና ውስጥ ገንዘብ የለም። ሴቶቹ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በየትኛውም ቀን ከአራት የእጅ ፓምፕ አንዱ ያህል አይሠራም ተብሎ ይገመታል። ያ ሁሉ የቁፋሮ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የቆመው በእንደዚህ ያለ ዕቃ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃው አሲድነት ስላለው የብረት ቧንቧውን ይበላዋል። ውሃው ቀላ ብሎ ይወጣል። ነጭ ልብስ ያበላሻል፣ ሻይ ያጠቁራል፣ አፍ ላይ ብረት ብረት ይላል። ጀርም የለበትም ይሆናል፤ ሰው ግን አይጠጣውም። የምሁራኑ መለኪያ "ንጹህ" ቢለውም ቡናዋ የተበላሸባት እናት ወደ ምንጯ ትመለሳለች። እሷን "አላወቀችም" ማለት ስህተት ነው። ቧንቧው ከመጀመሪያው ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን ነበረበት።

ማን ይክፈል?

ገጠር ውስጥ ውሃውን የሚያስተዳድረው የውሃ ኮሚቴው፣ በተለምዶ ዋሽኮ የሚባለው ነው። ከመንደሩ ይመረጣል፤ ሴቶች እንዲበዙበት ይመከራል። ያለ ደመወዝ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፣ ጥበቃ ይቀጥራል፣ የቦኖውን ሰዓት ይወስናል። ጥሩ ኮሚቴዎች አሉ። ደብተራቸው የተስተካከለ፣ ገንዘባቸው ብድርና ቁጠባ ውስጥ ያለ። ጎማ መቀየር፣ አጥር ማጠር፣ ዙሪያውን መጥረግ ከአቅማቸው በላይ አይደለም። ለዚህ መዋጮ መጠየቅ ተገቢ ነው እላለሁ፤ አቅመ ደካማውን ነጻ አድርጎ።

ግን "ማኅበረሰቡ ራሱ ያስተዳድረዋል" የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሞ ኖሯል። ጀኔሬተር ሲቃጠል፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የገባ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሲበላሽ፣ ማውጫው ክሬን ነው። ያንን አንድ የገበሬ መንደር እንዴት ይቻለው? ከተማ ውስጥ ዋና ቧንቧ ሲፈነዳ ነዋሪው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ቁልፍ ይዞ አይወጣም። ስልክ ይደውላል። ድሃውን የገጠር ሰው ከከተማው የበለጠ መሐንዲስና ሒሳብ ሠራተኛ እንዲሆን መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ንጹህ ውሃ ሰብአዊ መብት ነው ብሎ ሲወስን፣ መብቱ ቧንቧው እስኪሰበር ድረስ ነው አላለም።

ኬንያ ውስጥ፣ ኪቱዪና ክዋሌ በሚባሉ አካባቢዎች፣ ፈንዲፊክስ የተባለ ድርጅት ሌላ መንገድ ይሞክራል። መንደሮች ትንሽ ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላሉ፤ ጥገናው የባለሙያዎቹ ኃላፊነት ይሆናል። ጅማሮው ላይ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፓምፑ እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚቆጥርና በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ ትንሽ መሣሪያ ገጥመው ነበር። እጀታው ዝም ሲል ቢሮው ያውቃል። አንድ ፓምፕ ሲበላሽ እስኪጠገን አንድ ወር ገደማ ይፈጅ የነበረው ወደ ሦስት ቀን ወረደ። ይህን የመሰለ አገልግሎት ከመንደሩ ክፍያ ብቻ ወጪውን አይሸፍንም፤ የድጎማ ፈንድ ይደግፈዋል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። የከተማ ውሃም ይደጎማል።

ገንዘብ ለምታዋጡ

አሁን ወደ ማኅበራችሁ ስብሰባ እንምጣ። "አንድ ጉድጓድ ስንት ያወጣል?" ከሚለው በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ።

የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ያውቃል ወይ? ካላወቀ የሚተከለው ፓምፕ በአካባቢው መለዋወጫ የሌለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። "ከውጭ የመጣ ዘመናዊ ነው" የሚባለውን በጣም ፍሩ። ጎማው አዳማ ወይ ባሕር ዳር ካልተገኘ ዘመናዊነቱ አይጠቅምም። የውሃው ምርመራ ውጤት ወረቀቱ የት አለ? ባክቴሪያውም፣ ኬሚካሉም። በተለይ ቦታው ስምጥ ሸለቆ ከሆነ ፍሎራይዱ በቁጥር ይጻፍላችሁ። ክረምት ላይ ድጋሚ የሚመረመረው በማን ነው? ውሃው በበጋ፣ በሚያዝያ ወር ስንት ሰዓት ይሰጣል? የተቆፈረው በነሐሴ ከሆነ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ በክረምት የሞላ የእጅ ጉድጓድ በበጋ ሊደርቅ ይችላልና። ሲበላሽ ለማን ይደወላል? ስም ያለው፣ ስልክ ያለው፣ ክፍያውም የታወቀ ሰው መሆን አለበት።

ከሰበሰባችሁት ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ በኮሚቴው ስም ባንክ አስገቡ። ሁለት ሦስት ስብስብ መለዋወጫ ገዝታችሁ ከፓምፑ ጋር አስረክቡ። ሁለት ወጣት አሠልጥኑ፤ አንዷ ሴት ትሁን። ውሃ የምትቀዳው እሷ ስለሆነች፣ እጀታው መክበድ ሲጀምር ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት።

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ አለኝ፤ ስብሰባ ላይ ስትሉት የሚወደድ አይደለም። ገንዘባችሁ ሁለት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ከሆነ አንዱን ብቻ አስቆፍሩ። በቀረው ወረዳው ውስጥ ቆመው ያሉ ፓምፖችን አስጠግኑ። ዝርዝሩን ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ የትኛው ቀበሌ፣ መቼ ቆመ፣ ምን ጎድሎት። በአንድ ጉድጓድ ዋጋ ብዙ የቆሙ ፓምፖች ሊነሱ ይችላሉ። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር አይኖርም፤ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉትም የዛገ እጀታና የተበላች ጎማ ፎቶ ይሆናል። ለጥፉት። ከሥሩም የተጠገነበትን ቀንና የጠጋኙን ስልክ ጻፉበት።